የቅዳሜው ፊልም፦ ከኮምጣጤ ሽታ የተረፈው

ውድ የፊልም ማኅበራችን አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

ቅዳሜ የምናየው የፊሊፒንሳዊውን ዳይሬክተር የሊኖ ብሮካን «ማኒላ በብርሃን ጥፍር ውስጥ» ነው። የተሠራው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ የጠፋች ፍቅረኛውን ፍለጋ ማኒላ ይገባል። ቀሪውን አልነግራችሁም።

ስለ ቅጂው ግን ትንሽ ላውራ። ፊሊፒንስ ሞቃትና እርጥበት የበዛባት አገር ናት። የድሮ ፊልሞች የሚቀረጹበት አሴቴት የተባለው የፕላስቲክ ጥቅል ደግሞ እንዲህ ያለ አየር አይስማማውም። ቆርቆሮውን ሲከፍቱት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ያ ሽታ መጥፎ ዜና ነው፤ ፊልሙ ከውስጡ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ቀስ በቀስ ይሸበሸባል፣ ይሰባበራል። በቅዝቃዜ ማዘግየት ይቻላል እንጂ ወደ ነበረበት መመለስ የለም። ብዙ የድሮ የፊሊፒንስ ፊልሞች በዚህና በቸልተኝነት ጠፍተዋል።

ይሄኛው ዕድለኛ ነው። ዋናው ኔጋቲቭ (ሌሎቹ ቅጂዎች የሚታተሙበት የመጀመሪያው ፊልም) ለንደን፣ በብሪታንያ ፊልም ተቋም ተቀምጦ ነበር። በ2013 ጣሊያን፣ ቦሎኛ በሚገኝ ላብራቶሪ ታድሶ በዚያው ዓመት በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። ሥራው አድካሚ ነው፤ እያንዳንዱ ምስል ስካን ይደረጋል፣ ጭረቱና ቆሻሻው ይነሳል፣ ቀለሙ ይስተካከላል። ማጽዳት ሲበዛ ግን ፊት ሁሉ ፕላስቲክ ይመስላል። በበኩሌ ትንሽ ጭረት ይሻለኛል።

የሚቀጥለው ወር ተራ የሌላው ፊሊፒንሳዊ ዳይሬክተር የኢሽማኤል በርናል «ሂማላ» ነው፤ እሱም በ2012 የታደሰ ነው።

ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ እንጀምራለን። ባለፈው ወንበር አጥሮን ነበርና ቀደም በሉ። ቡናው እኔ ጋ ነው።