ሐረጎ ላይ ለተሸከማችሁኝ ሁሉ

አብዛኞቻችሁን በስም አላውቃችሁም። ባውቅ ኖሮ ቤት ለቤት እየዞርኩ አመሰግን ነበር። ስለማላውቅ ለሁላችሁም አንድ ላይ እጽፋለሁ።

ላልሰማችሁ ባጭሩ፦ ከጓደኞቼ ጋር ከኮምቦልቻ ደሴ፣ በማግስቱ ደግሞ ከደሴ ሐይቅ ከተማ በእግር ልንሄድ ነበር የወጣነው። ኮምቦልቻ ደሴ በአስፋልቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ መሀል ላይ ያለውን የሐረጎን ዳገት ጥምዝምዝ አስፋልት ትተን በእግረኛ መንገዱ አቆራረጥን። ክረምት ነው። እርጥብ ድንጋይ አንሸራተተኝና ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ቀጭ አለ። ቀና ብዬ ሳይ ጉልበቴ ወደ ፊት፣ ጫማዬ ወደ ጎን ዞሯል።

መጀመሪያ የደረሱልኝ ከብት ጠባቂ ልጆች ናቸው። አንዱ ሮጦ ሰው ጠራ። ወዲያው ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና፣ ገመድና ጋቢ መጣ። ቃሬዛው እስኪሠራ አንድ አባት አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ወጌሻ ናቸው ሲሉኝ ፈራሁ። ጎትተው ሊያቃኑት ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። እሳቸው ግን የእግሬን ጣቶች በመዳፋቸው ይዘው ሙቀታቸውን አዩ። እብጠቱን ዳበስ አደረጉና “ይሄ ወለምታ አይደለም ልጄ፣ ተሰብሯል። የኔ ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት” አሉ። ከዚያ እግሬን እንዳለ በሁለት እንጨት መሀል አድርገው በነጠላ ላላ አድርገው አሰሩት።

ይህን ለሐኪሙ ስነግረው “እኚህን ሰውዬ ባገኛቸው” አለኝ። ስብራት አላግባብ ጠብቆ ሲታሰር ደም ይቋረጣል፤ እግር እስከ መቆረጥ የሚደርስበት ጊዜ አለ። አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

የተሸከማችሁኝ ወጣቶች፣ እየተቀባበላችሁ አስፋልቱ ድረስ አወጣችሁኝ። ከፊት በኩል የያዘው “አብሽር፣ አብሽር” ይለኛል። ከኋላ ያለው “መኪና እያለ በእግር! ጥጋብ እኮ ነው” ይላል። እያመመኝ አሳቃችሁኝ። የወሎ ሰው ቃሬዛ ተሸክሞም ጨዋታ አይተውም።

ሽንኩርት የጫነው የአይሱዙ ሹፌርም ምስጋናዬ ይድረሰው። ረዳቱን ከጋቢና አስወርዶ እኔን አስገባኝ። ረዳቱ ደሴ እስክንገባ ሽንኩርቱ ላይ ተቀምጦ በብርድ ተንቀጠቀጠ። የነዳጅ ልክፈል ብል ተቆጡኝ።

እግሬ ብረት ገባለት። ሌሊት እየተነሳችሁ ያያችሁኝ ነርሶች፣ ውለታችሁ አለብኝ። ጎረቤቶቼማ ምኑን ልንገራችሁ፣ አጥሚቱና አነባበሮው ለአስታማሚዎቼም ተርፏል። በጁምዓ ዱዓ ያደረጋችሁልኝ፣ ጸበል ያመጣችሁልኝ፣ ሁለቱም ደርሶኛል።

ደሴ ለባለ ክራንች የተሠራች ከተማ አይደለችም። ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ኮብልስቶን። በር ድረስ እየመጣህ ያመላለስከኝ የባጃጁ ልጅ፣ ያለ አንተ ፊዚዮቴራፒውን ገና ዱሮ እተወው ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቷን በተለይ ላመስግን። ጀሶው ሲወጣ እግሬ ደርቆ እንጨት ሆኖ ነበር። “በአውራ ጣትህ አየር ላይ ፊደል ጻፍ፣ ጉልበትህ እንዳይንቀሳቀስ” አለችኝ። ፈረንጅ 26 ጽፎ ይገላገላል። እኛ ሀ ሁ ሂ ብለን ስንጀምር 231 ነው! “ሐ” ጋ ስደርስ ላብ ያጠምቀኛል። እሷ ቆማ ትቆጥራለች፣ አንዲትም አታዘልለኝም። አሁን ያለ ክራንች እሄዳለሁ። ብርድ ሲሆን ብረቱ ይጠዘጥዘኛል፤ ደሴ ደግሞ ብርድ መች አጥታ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቃሬዛው ላይ የተነጠፈው ጋቢ አብሮኝ ደሴ ገብቶ እኔ ጋ ቀርቷል። ታጥቦ ተቀምጧል። ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ጥለት አለው፣ አንዱ ጥግ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ለቅዳሜ ገበያ ሐረጎ ወጥቼ ስለምጠይቅ፣ ባለቤቱን የምታውቁ ንገሩልኝ።