ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) ለምትፈልጉ የሜሪላንድ ልጆች

ሰላም ነው ልጆች? ፖለቲካ ውስጥ እንገባለን የምትሉ በተለይ ይቺን አንብቡልኝ።

ሁላችሁም ካፒቶል ሂል፣ ማለትም ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ መቀመጫ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ትላላችሁ። ሞክሩ፣ ማን ከለከላችሁ። ግን እዚያ የኢንተርን ውሎ በአብዛኛው ስልክ ማንሳት፣ ደብዳቤ መለየትና እንግዳ ማስጎብኘት ነው። እኔ ብሆን የኮንግረስ አባሉ እዚሁ ምርጫ ክልሉ ውስጥ ያለውን ቢሮ እመርጣለሁ። እዚያ የሚመጣው ሰው ወይ የኢሚግሬሽን ፋይሉ ቆሞበታል፣ ወይ የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያው ተቋርጦበታል። መጀመሪያ የፈቃድ ቅጽ ይፈርማል፤ ያለ እሱ ፋይሉን የያዘው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለ ሰውየው ትንፍሽ አይልም። ከዚያ የኮንግረስ አባሉ ቢሮ ለመሥሪያ ቤቱ ይጽፍለታል፣ መልስ እስኪመጣም ይጨቀጭቃል። መንግሥት እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ጋ እንደሚያንቀው የምታዩት እዚህ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግን በመሰለ ብዙ ሐበሻ ያለበት አካባቢ ደግሞ አማርኛ የሚችል ልጅ ይፈለጋል፣ ስለዚህ ሲቪያችሁ ላይ አማርኛን ግርጌ አትቅበሩት!

የሜሪላንድ ዋና ከተማ አናፖሊስንም አትርሱ። የስቴቱ ምክር ቤት ከጃንዋሪ ጀምሮ 90 ቀን ብቻ ነው የሚሰበሰበው። 188 እንደራሴዎች፣ ጥቂት ሠራተኛ፣ ጥድፊያ። ኢንተርኑ ኮሚቴ ገብቶ ማስታወሻ ይይዛል፣ ረቂቅ ሕግ አንብቦ ያሳጥራል።

16 ዓመት የሞላቸው ታናናሾቻችሁ፣ ወላጅ ከፈቀደ፣ ምርጫ ጣቢያ ላይ መሥራት ይችላሉ። ሥልጠናም ክፍያም አለው።

የሰመሩን ኢንተርንሺፕ ማመልከቻ ብዙ ቢሮዎች ገና በዊንተሩ ብርድ ይዘጉታልና አትዘናጉ። ሲቪ የሚታይለት ካለ በውስጥ መስመር ይላክልኝ።