አርማውን አይታችሁ አትመኑ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

«የፊደል ስህተት ያለበት ኢሜይል ሐሰተኛ ነው» የሚለው ምክር ጊዜው አልፎበታል። ዛሬ አጭበርባሪዎቹ እንግሊዝኛውን አሳምረው ይጽፋሉ፣ አርማውንም እንዳለ ገልብጠው ይለጥፉታል።

በዕቃ አድራሹ ድርጅት በዲኤችኤል ስም የሚመጣውን ኢሜይል እንይ። «ዕቃዎ ደርሷል፤ ትንሽ የቀረጥ ክፍያ ስለቀረ ዛሬውኑ ይክፈሉ» ይላል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው መቼም ዕቃ መጠበቁ አይቀርም፣ ሳያስብ ሊንኩን ይጫነዋል። የተፈለገችው ግን ያቺ ትንሽ ብር አይደለችም፣ የካርዱ ቁጥር ነው እንጂ።

የላኪ ስም ማንም እንዳሻው ይጽፋል፤ ስሙን ነካ አድርጋችሁ ሙሉ አድራሻውን እዩ። ሊንኩ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) በፊት መጨረሻ ላይ ያለውን ስም አንብቡ። «ዲኤችኤል» የሚለው ፊት ላይ ተደንቅሮ ከኋላው ሌላ የማይታወቅ ስም ከተከተለ፣ የገጹ ባለቤት የኋለኛው ነው። ከድረ ገጹ አድራሻ አጠገብ የምትታየው የቁልፍ ምልክትም ብትሆን ግንኙነቱ መመስጠሩን እንጂ የባለቤቱን ማንነት አትነግራችሁም።

«እኔን ማን ይሸውደኛል» ለሚል ደግሞ፦ አንድ የሊትዌኒያ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ለሁለቱ ድርጅቶች ዕቃ የሚያቀርበውን የታይዋኑን የኮምፒውተር አምራች ኳንታን መስሎ፣ በሐሰተኛ ኢሜይልና ደረሰኝ ከጎግልና ከፌስቡክ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወስዷል። ጎግል እንግዲህ ጂሜይልን የሠራው ነው!

ሊንኩን ተዉት። የድርጅቱን ድረ ገጽ ራሳችሁ ከፍታችሁ የዕቃውን መከታተያ ቁጥር አስገቡ፣ ወይም ላኪው ዘመዳችሁ ጋ ደውሉ። አዘጋጆች፣ እናንተም እስቲ የእውነተኛውንና የሐሰተኛውን ኢሜይል ፎቶ ጎን ለጎን አውጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ