ጋምቡዚያን ቦርከና ውስጥ አትልቀቁብን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሑድ በዕድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ጎረቤታችን «ወባን የሚጨርስ ዓሣ አለ፤ አዋጥተን እናስመጣና ቦርከና ውስጥ እንጨምረው» ብሎ ተነሣ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። አልፈርድበትም፤ ዘንድሮ ልጁ በወባ ሁለት ጊዜ ተኝቶበታል። እኔ ግን ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርሁ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። እዚያ ጀምሬ ሰዓት የገታኝን ሐሳብ እዚህ ልጨርሰው።

ዓሣው ጋምቡዚያ ይባላል፤ አገሩ አሜሪካ ነው። ሴቷ እንኳ ከ7 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አታልፍም። የቆመ ወይም ዝግ ብሎ የሚፈስ ውሃ ይስማማዋል። እንቁላል አይጥልም፤ ሴቷ ከ3 እስከ 4 ሳምንት አርግዛ ጫጩቶቿን በሕይወት ትወልዳለች። አንዴ ወንዝ ከገባ በምን መረብ ተለቅሞ ይወጣል?

የትንኝ እጭ መብላቱ እውነት ነው። ግን የሌላውን ዓሣ እንቁላልና ጫጩትም ይበላል፣ የትልልቆቹንም ክንፍ ይነጫል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለትንኝ ብላ አስገብታው እስከ ዛሬ ልታጠፋው አልቻለችም። ቦርከና ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ አያበቃም፤ ወደ ጨፋ ረግረግ ወርዶ መድረሻው አዋሽ ነው። በአዋሽ ተፋሰስ ጋራ የሚባሉ፣ በአገጫቸው ሥር ባለ መጣበቂያ ድንጋይ ላይ የሚለጠፉ ትንንሽ ዓሦች አሉ። እነሱን ማን ይጠይቅላቸው?

ከሁሉ በላይ ግን ዓሣው ትንኟ ያለችበት አይደርስም። የአገራችን ዋና ወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ የምትራባው ፀሐይ በሚያገኘው ጥቂት የዝናብ ውሃ ነው፦ በከብት ኮቴ፣ አፈር በተዛቀበት ጉድጓድ፣ ወንዙ ሲሳሳ ዳር በቀረ ኩሬ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ደግሞ በርሜልና የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትፈለፈላለች። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አካፋና ክዳን ነው።

ስለዚህ ጎረቤቶቼን እለምናለሁ፦ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ሳይጠየቅ አንድም ዓሣ ወንዙ እንዳይገባ። መዋጮው ለበርሜል ክዳን ይዋል። ኩሬ ለማፋሰስ ቅዳሜ ጠዋት አካፋዬን ይዤ ድልድዩ ጋ እጠብቃችኋለሁ።

ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር
ከኮምቦልቻ