የሌለውን ሞተር ቁጥር ከየት አመጣችሁት?

ለመኪና ታሪክ አጣሪው ድርጅት
ለንደን

ጉዳዩ፦ 680 ፓውንድ ስለከፈልኩበት የሎተስ ኢለቨን ሪፖርት

ጤና ይስጥልኝ። የድርጅታችሁን ስም እዚህ አልጠራም። ደብዳቤው በቀጥታ ስለተላከላችሁ ማን እንደሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ኮፒውን ለወዳጆቼ ያጋራሁት ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቴም «ኃላፊው ይደውልልዎታል ጋሼ» ተብዬ እስከ ዛሬ ስልኬ ስላልጮኸ ነው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ምናልባት ፋይሉ ጠፍቶባችሁ እንደሆነ ከመጀመሪያው ላስታውሳችሁ። ሰሜን ለንደን ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። አንድ የድሮ ደንበኛዬ ቤቱን ሸጦ ሲለቅ ለዓመታት ሸራ ለብሶ የተቀመጠ ሎተስ ኢለቨን የሚባል የድሮ የእሽቅድምድም መኪና በሚቻለኝ ዋጋ ለቀቀልኝ። ሻንሲው አለ፣ የአሉሚኒየም አካሉ አለ፣ አራት ጎማና ሦስት ካርቶን ሙሉ ቁርጥራጭ አለ። ሞተር የለውም። ካምቢዮም የለውም። ይህን በስልክም ነግሬያችኋለሁ፣ በጽሑፍም ልኬያለሁ፣ ፎቶም አንስቻለሁ። ሞተር የለውም። ደግሜ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኢለቨን የተሠራው እዚሁ ሠፈራችን ነው ማለት ይቻላል። መኪናውን የሠራው ሎተስ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ በ1959 ወደ ቼሸንት እስኪዛወር ድረስ ሆርንሲ ውስጥ ቶተንሃም ሌን ላይ ነበር፣ ከጋራዤ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ስለዚህ መኪናው እጄ ሲገባ ዝም ብዬ ቁልፍ አንስቼ መፍታት አልፈለግኩም። መጀመሪያ ማንነቱን ልወቅ አልኩ። ማን ገዛው? የት የት ሮጠ? ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ተገጥሞለት ነበር? በኋላስ ማን ምኑን ቀየረው? ይህ ሳይታወቅ የሚደረግ ጥገና ታሪክ ማጥፋት ነው፣ አንድ ጊዜ የተነቀለ ነገር አይመለስም።

ማስታወቂያችሁን ያየሁት በአማርኛ ነው። «የመኪናዎን ታሪክ ከፋብሪካው ጀምሮ እናወጣለን» ይላል። አገር ቤት የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ ቶዮታ የማጣራት ሥራ እንደቀነሰባችሁ ይገባኛል፣ እኔም ደንበኞች አጥቼበታለሁ። ግን አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው ሥራውን ይማራል እንጂ በደንበኛ ገንዘብ አይለማመድም።

ሪፖርታችሁ 14 ገጽ ነው። ዘጠኙ ስለ እኔ መኪና አይደለም። ስለ ሎተስ መሥራች ስለ ኮሊን ቻፕማን ነው። አካሉን ስለነደፈው ስለ ፍራንክ ኮስቲን ነው። እሽቅድምድመኛው ስተርሊንግ ሞስ በ1956 ጣሊያን ውስጥ ሞንዛ ላይ በኢለቨን ስላስመዘገበው ክብረ ወሰን ነው። ደስ የሚል ወሬ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ያንን የትም አነበዋለሁ። ስለ አያቴ ጠይቄያችሁ ስለ አጼ ቴዎድሮስ ነገራችሁኝ።

አሁን ወደ ቀሩት አምስት ገጾች።

ገጽ 10 ላይ «የሞተር ቁጥሩ ተመርምሮ ከመኪናው ጋር አብሮ የወጣ መሆኑ ተረጋግጧል» ትላላችሁ። ቁጥሩንም ጽፋችኋል። ወንድሞቼ፣ የትኛውን ሞተር ነው የመረመራችሁት? ኮፈኑን ስትከፍቱት እኮ የጋራዤ ወለል ነው የሚታየው! ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ ገንዘቤ ትዝ አለኝና ሳቁ ቆመ።

ደግሞስ ሞተር ቢኖረው ምን ያረጋግጣል? እነዚህ መኪኖች በአብዛኛው የሮጡት ኮቨንትሪ ክላይማክስ የተባለው ፋብሪካ በሠራው ኤፍደብልዩኤ በሚባለው 1098 ሲሲ ሞተር ነው፣ ዘሩ ከእሳት አደጋ የውኃ ፓምፕ የመጣ ቀላልና ጎበዝ ሞተር። በእሽቅድምድም ሲደክም ወይም ሲፈነዳ አውጥቶ ሌላ መክተት የሳምንት ሥራ ነበር። ትልቁን 1460 ሲሲ የከተቱም አሉ። በዚያ ላይ በጊዜው እንግሊዝ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይገጣጠም የተሸጠ መኪና የግዥ ግብር ስለማይከፈልበት ሎተስ መኪና በካርቶን ይሸጥ ነበር፣ ገዢው ቤቱ ወስዶ ራሱ ይገጥማል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ «ከፋብሪካ አብሮ የወጣ ሞተር» የሚል ሰው ወይ ማስረጃ ያሳያል፣ ወይ ዝም ይላል።

ገጽ 11 ላይ መኪናው በፈረንሳዩ የ24 ሰዓት ውድድር ስም «ለ ማን» የተባለው ውዱ የኢለቨን ዓይነት ነው፣ የኋላው ደ ዲዮን የሚባለው የአክስል ዓይነት፣ ፍሬኑ ዲስክ ነው ብላችኋል። 22 ፎቶ ልኬላችኋለሁ። ሰባቱ የኋላ እግሩን ብቻ የሚያሳዩ ናቸው። አንድ ወጥ አክስል ነው፣ አራቱም ፍሬን ታምቡር ነው። ይህ «ክለብ» የሚባለው ወይም የፎርድ 1172 ሲሲ ሞተር ይገባበት የነበረው ርካሹ «ስፖርት» ነው። ሰው በኋላ ቀይሮት ይሆናል እንዳትሉኝ፣ ባትሪ ይዤ ከሥሩ ተኝቼ አይቻለሁ። አክስሉ የሚታሰርባቸው ጆሮዎች ከሻንሲው ቱቦ ጋር በአንድ እጅ፣ በአንድ ዓይነት ብየዳ ነው የተያያዙት፣ አንድ ላይ ዝገዋል፣ ከሥር ያለው ቀለምም ሳይቋረጥ ከቱቦው ወደ ጆሮው ያልፋል። የሌላ ነገር ማሰሪያ ተቆርጦ የተፋቀበት ምልክት የለም። አሥር ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። እናንተ አልመጣችሁም።

እዚያው ገጽ ላይ «ሁለተኛው ተከታታይ» ማለትም ተሻሽሎ የወጣው ሁለተኛው ዙር ነው ተብሏል። ሁለተኛው በ1957 ሲመጣ የፊት እግሩ ተቀይሮ ከላይና ከታች ክንድ ያለው ሆነ። የመጀመሪያው ግን የፎርድ አክስል መሃሉ ተቆርጦ በማጠፊያ የተያያዘ ነው፣ ከፊት ጎንበስ ብሎ ያየ ልጅ እንኳ ይለየዋል። የእኔ የተቆረጠው ነው። የሚገርመው ገጽ 12 ላይ ይኸው በ1957 የመጣው «ሁለተኛ ተከታታይ» በ1956 ለ ማን ላይ በክፍሉ አሸነፈ ይላል። ሳይወለድ አሸነፈ ማለት ነው።

የ1956ቱን ድል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሬጅ ቢክኔልና ፒተር ጆፕ ናቸው፣ በአጠቃላይ ሰባተኛ ወጥተው እስከ 1100 ሲሲ ያለውን ክፍል ወሰዱ። የእኔ መኪና ያ ለመሆኑ ያቀረባችሁት ማስረጃ በሩ ላይ የደበዘዘው ቁጥር አንድ የድሮ ፎቶ ላይ ካለው ጋር «ይመሳሰላል» የሚል ነው። የውድድር ቁጥር እኮ ባንክ ቤት እንደሚሰጥ የወረፋ ቁጥር ነው። አንድ መኪና ዛሬ ብራንድስ ሃች ላይ አንድ ቁጥር፣ በሳምንቱ ሲልቨርስቶን ላይ ሌላ ቁጥር ይለጠፍበታል። ቁጥር ብቻ ይዞ መኪና አይታወቅም። ቁጥሩ ከቀኑ፣ ከቦታው፣ ከውድድሩ ፕሮግራምና ከሰሌዳው ጋር ነው የሚገናኘው።

የገጽ 13ቱ ፎቶ ደግሞ ኢለቨን እንኳ አይደለም። ዌስትፊልድ የተባለ ሌላ ድርጅት በ1980ዎቹ የሠራው ቅጂ ነው። ውስጡ ያለው ሞተር የኦስቲንና የኤምጂ ትንንሽ መኪኖች ላይ የነበረው ነው፣ ካምሻፍቱ እንደ ክላይማክሱ ከላይ አይደለም። ክብደቱም 900 ኪሎ ተብሏል። ፓውንዱን ኪሎ ብላችሁት ነው፣ ኢለቨን ከ450 ኪሎ በታች ነው። 900 ኪሎማ ቪትዝ ነው።

ስልክ የምታነሳው ልጃችሁ «የድሮ ነገር ስለሆነ መረጃ አይገኝም» አለችኝ። ይገኛል። የሎተስ ታሪካዊ መኪኖችን የሚመዘግብ ማኅበር አለ። የክለቦቹ የውድድር ፕሮግራሞች በየሰብሳቢው እጅ አሉ። ሰሌዳ የሚመዘገበው ስዋንሲ ከተማ ባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከመጠቃለሉ በፊት በየአውራጃው ነበር፣ የተጣለ መዝገብ ቢኖርም የተረፈም አለ። ፈልጋችሁ ብታጡና «አላገኘንም» ብትሉኝ ኖሮ 680 ፓውንዴን ሳልቆጭ እከፍል ነበር። «አልተገኘም» ሐቀኛ መልስ ነው። ከ1961 እስከ 1970 የት እንደነበረ አይታወቅም ተብሎ ባዶ ቦታ ቢተውልኝ ያንን ባዶ ቦታ እኔ እሞላው ነበር። አሁን ግን በውሸት ተሞልቷል።

ዋናው ንዴቴም እዚህ ላይ ነው። ይህ ወረቀት ማኅተም አለው። እኔ ነገ ብሞት ልጆቼ መኪናውን ከነሪፖርቱ ይሸጡታል። የሚገዛው ሰው አምኖ የ«ለ ማን» ዋጋ ይከፍላል፣ ወይም ዲስክና ደ ዲዮን ገዝቶ በግድ ይገጥምበታል። ትክክለኛው መኪና ያኔ ጠፋ።

ሌላም አለ። የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ፕሌት አጉልታችሁ ለማስታወቂያ ለጥፋችሁታል። ማን ፈቀደላችሁ? ፕሌት በሪቬት የተያያዘ ቆርቆሮ ነው። ቁጥሩን ያየ ሰው ሌላ አስቀርጾ ሌላ ሻንሲ ላይ ቢመታው አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት መኪኖች ይኖራሉ፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛው የትኛው ነው የሚለው ክርክር ጠበቃ ያበላል። እኔ እዚህ ቁጥሩን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።

የምፈልገው ይህ ነው። ገንዘቤ ሙሉውን ይመለስ። ሪፖርቱ መሰረዙን በማኅተምና በቀን ጽፋችሁ ስጡኝ፣ ከመኪናው ፋይል ጋር አስቀምጠዋለሁ። የፕሌቱ ፎቶ ዛሬውኑ ይነሳ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ።

ከሁሉ በፊት ግን ሊብሬውን መልሱልኝ። ኦሪጅናሉን «ስካን እናደርጋለን» ብላችሁ ከወሰዳችሁ አሥራ አንድ ሳምንት ሆነው። አራት ባለቤት በየእጅ ጽሑፋቸው ያለበት ነው፣ የሦስተኛው ስም ላይ ዘይት ነክቶት ግማሹ አይነበብም። ያንን ግማሽ ስም በጥሩ መብራት ላነበው ነበር ሐሳቤ። የዚህ መኪና ታሪክ ያለው በእናንተ 14 ገጽ ላይ ሳይሆን እዚያ ዘይት ሥር ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በ9 ሰዓት በአበሻ አቆጣጠር ቢሮአችሁ እመጣለሁ። ሊብሬውን ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ጠብቁኝ፣ እሱንም አታጥፉብኝ፣ እናንተም አትጥፉብኝ።

የኢለቨኑ ባለቤት