የእሸት መግዣው ገንዘብ ቡናው ከመቅላቱ በፊት ይድረስ

ለጅማ ዞን የኅብረት ሥራ ዘርፍ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በግንቦት የምንጽፍልዎ፣ ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ ኮሳና ጌራ ላይ ለቀማ ከተጀመረ በኋላ ስለ ብድር ማውራት ለማንም ስለማይጠቅም ነው።

ቀይ እሸት፣ ማለትም በስሎ የተለቀመው የቡና ፍሬ፣ አያድርም። በተለቀመ በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ ይሞቅና መብላላት ይጀምራል፤ ቅምሻ ላይ ሲቀርብ ኮምጣጣነቱ ያጋልጠዋል። አርሶ አደሩ አመሻሽ ላይ ማኅበሩ ሚዛን ዘንድ ደርሶ «ገንዘብ አልመጣም፣ ነገ ና» ከተባለ፣ መንገድ ዳር ለቆመው ሰብሳቢ በተሰጠው ዋጋ ከመሸጥ በቀር ምን ያድርግ? ሰብሳቢው ቀዩንም አረንጓዴውንም በአንድ ዋጋ ከወሰደለት ደግሞ በማግስቱ ቀይ መርጦ ለመልቀም አይደክምም፤ ቅርንጫፉን ሙልጭ አድርጎ ያወርደዋል። የጥራት ሥልጠናው ሁሉ ውኃ የሚበላው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የማኅበር ቡና ማጠቢያ ጣቢያ በቀን 10,000 ኪሎ እሸት ቢረከብና የኪሎው ዋጋ 100 ብር ነው ብንል፣ በየማታው 1 ሚሊዮን ብር መክፈል አለበት። ከ6 ኪሎ እሸት የሚገኘው ንጹሕ ቡና 1 ኪሎ ገደማ ነው። የታጠበው ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ከ10 እስከ 14 ቀን ተሰጥቶ እርጥበቱ ወደ 11.5 በመቶ ሲወርድ መጋዘን ይገባል፤ ተቀሽሮ፣ ውል ታስሮለት፣ ተጭኖ ገንዘቡ እስኪመለስ ወራት ያልፋሉ። ይህን አባላት ባዋጡት የዕጣ (የአክሲዮን) ገንዘብ ብቻ መሸፈን አይሞከርም።

ባንክ ደግሞ ለማበደር ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው የኦዲት ሪፖርት ነው። ሒሳብ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከዚያ እስከ ለቀማ ያለው ሦስት ወር ቢሆን ነው። ስለዚህ የቡና ማኅበራት ኦዲት ከእህል ማኅበራት ቀድሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይለቅ። ኦዲቱን ከሚያጓትቱት ነገሮች አንዱ ትንሽ ይመስላል፦ እሸቱ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚንሳፈፈው ፍሬ ተለይቶ ይወጣል፣ ኪሎው ግን አይመዘገብም። ደረሰኙና የመጋዘን መዝገቡ አልገጥም ሲሉ ያላጠፋው ገንዘብ ያዥ ጉድለት ይቆጠርበታል። የተንሳፋፊ ኪሎ መመዝገቢያ አንድ ዓምድ ቢጨመር ይህ ይቀራል።

የቋሚ ንብረት ዋስትና ለሌላቸው ማኅበራት፣ ማኅበራቱ የተጣመሩበት ዩኒየን የያዘው የሽያጭ ውልና መጋዘን ያለው ቡና እንደ መያዣ እንዲታይ ከባንኮች ጋር ይነጋገሩልን። መፈልፈያዎቹም ነሐሴ ላይ ይፈተሹ፤ ክፍተቱ ከጠበበ ፍሬውን ይቆርጠዋል፣ ከሰፋ እሸቱን ሳይፈለፍል ያሳልፈዋል።

ኦዲቱ በጊዜ ካለቀ የትርፍ ክፍፍሉም ክረምት ላይ ለአባላት ይደርሳል። ብዙ ገበሬ ለቀለብና ለልጆች ደብተር ሲል ዛፍ ላይ ያለ ቡናውን በርካሽ አስቀድሞ የሚሸጠው በእነዚያው ወራት ነው። የኦዲት መርሐ ግብሩን ከሰኔ 30 በፊት ለየማኅበሩ በጽሑፍ እንዲያሳውቁልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

በጅማ ዞን በቡና ኅብረት ሥራ ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች