ለጥቁርና ነጭ ፎቶ ትእዛዝ ባለቀለሙን ዋና ፋይል የምንጠይቅበት ምክንያት

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የጥር ሠርግ ፎቶ አሳትመው ከሚወስዱ ደንበኞቻችን መካከል ጥቁርና ነጭ የሚመርጡት እየበረከቱ ነው። «በስልኬ አንዴ ነክቼ የምጨርሰውን ሥራ ለምን ሁለት ቀን ታቆዩታላችሁ? ባለቀለሙንስ ለምን አምጡ ትላላችሁ?» የሚል ጥያቄም ደጋግሞ ስለሚቀርብልን፣ በጽሑፍ ልንመልስ ወደድን።

በባለቀለም ዲጂታል ፎቶ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን የሚያሳዩ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ማድረግም ሦስቱን ወደ አንድ ግራጫ ማጠቃለል ነው። ፎቶሾፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ሳቹሬሽን የሚባለውን፣ ማለትም የቀለሙን ድምቀት፣ እስከ መጨረሻው ዝቅ ቢያደርጉት ንጹሕ ቀይ፣ ንጹሕ አረንጓዴና ንጹሕ ሰማያዊ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ያርፋሉ። የሰው ዓይን አረንጓዴን ከሁሉ አብርቶ ስለሚያይ፣ የተለመደው ስሌት ለቀይ 30፣ ለአረንጓዴ 59፣ ለሰማያዊ 11 በመቶ ያህል ድርሻ ይሰጣል። ይህ የተሻለ ነው፤ ለሐበሻ ቀሚስ ግን አይበቃም። ጠቆር ያለ አረንጓዴና ደማቅ ቀይ በዚህ ስሌት በጣም ስለሚቀራረቡ፣ ሸማኔው የደከመበት ጥለት አንድ ወጥ ግራጫ መስመር መስሎ ይቀራል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ እናስተካክላለን፤ ለዚህም ፎቶሾፕ ስድስት፣ ሌላው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይትሩም ደግሞ ስምንት የቀለም መቆጣጠሪያዎች አሏቸው። በፊልም ዘመን ፎቶ አንሺዎች ሰማዩ ጠቁሮ ደመናው እንዲወጣ በሌንሱ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ማጣሪያ ይገጥሙ የነበረውን ዛሬ ከተነሣ በኋላ እንሠራዋለን ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚወስድብን ፊት ነው። የእኛ ሰው የቆዳ ቀለም በአብዛኛው ከቀይና ከብርቱካናማ ወገን በመሆኑ፣ እነዚህን ከፍ ስናደርግ ፊት ይፈካል፤ ከልክ ካለፈ ግን ሙሽራዋ ዱቄት የተነሰነሰባት ትመስላለች፣ የከንፈሯም ቅርጽ ይጠፋል። አንዳንድ ደንበኞች «ትንሽ አቅሉልኝ» ይሉናል፤ እኛ ግን የጠይም ፊት ውበቱ በጥላው ላይ ነው ብለን ስለምናምን፣ በትሕትና እንከራከራለን። ነጩ ኩታም ከፊት ጋር አብሮ ፈክቶ ሽመናው እንዳይጠፋ፣ ብርሃኑን ለብቻው ዝቅ እናደርጋለን።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ቀለሙ በፋይሉ ውስጥ ካለ ብቻ ነው። በስልክ ተለውጦ የተቀመጠ ፎቶ ሦስቱን ቁጥሮች አንዴ ስላጣ፣ ቀዩን ከአረንጓዴው የምንለይበት መንገድ የለንም። የተለመደው የጄፔግ ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲይዝ፣ ካሜራው የቀረጸውን እንዳለ የሚያስቀምጥበት ባለ 14 ቢት የሮው ፋይል 16,384 ስለሚይዝ፣ ፎቶ አንሺያችሁ ሮው ካለው እርሱን ብታመጡልን እንመርጣለን። በቴሌግራም የምትልኩ ደግሞ ጥራቱ እንዳይቀንስ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩልን።

ለሙት ዓመት መታሰቢያ የሚሆን፣ ድሮውኑ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የታጠበ ፎቶ ያላችሁ፣ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም፤ እንዳለ አምጡት። ሌሎቻችሁም ህትመቱ ከመጀመሩ በፊት ናሙናውን መጥታችሁ በወረቀት ላይ እንድታዩልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ፎቶ ቤታችሁ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ